«ደህና ነን» ብላችሁ ፈርሙ

ያኔ ለንደን ውስጥ የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ትልቅ ላውንድሪ ቤት እሠራ ነበር። ስሙ ይቆይ። አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። ሐበሻው ይበዛል፤ ሶማሌው፣ ሮማንያዊው፣ ፊሊፒኖው ይቀጥላል። አንድ ሰሞን የማጠቢያው ኬሚካል ተቀየረና ጉሮሮ የሚፍቅ ሽታ መጣ። ዕድሜ ልኩን በረኪና ሲነካ የኖረ ሰው እንኳ አልቻለውም። አንዷ ልጅ ደፈር ብላ ለአለቆች ኢሜይል ጻፈች። ብዙም ሳይቆይ ሱፐርቫይዘሩ ወረቀት ይዞ እያንዳንዳችን ጋ መዞር ጀመረ።

ወረቀቱ አጭር ነበር። የሥራ ቦታዬ ለጤና ተስማሚ ነው፤ ጓንትና ማስክ ተሰጥቶኛል፤ ምንም ቅሬታ የለኝም። ከታች ስም፣ ፊርማ፣ ቀን። ለሐበሾቹ የማስረዳቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ።

ሁላችንም ማዘር የምንላቸው አንድ ትልቅ ሴት ነበሩ። በጋሪ አንሶላ ወደ መተኮሻው የሚያመላልሱት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እስክጨርስ አዳመጡኝና፣ «ቆይ የኔ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስስል አድሬ፣ ጠዋት መጥቼ ደህና ነኝ ብዬ የምፈርመው ለማን ብዬ ነው?» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው? ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ቤት ወስጄ ለልጄ ላስነብበው በይው» አሉኝ። አልኩት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቃቸውም። ሽታውም ውሎ አድሮ ቀለል አለ፤ በምን ምክንያት እንደሆነ የነገረን የለም።

ነገሩ እንዲሁ አለፈ። ብትሉኝ ምንም የሆነ ነገር የለም፤ የተባረረ የለም፣ የተጮኸ የለም። ጥያቄያቸው ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። «ለማን ብዬ ነው?» እውነትም ለማን ነው? ኩባንያው ደህና መሆናችንን ካወቀ ፊርማችን ምን ያደርግለታል? ካላወቀስ ፊርማችን ሳል ያስቆማል? ለጥያቄው ልክ የሚሆን መልስ ያገኘሁት ከመቶ ሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት በነበሩ የክብሪት ፋብሪካ ሴቶች ታሪክ ውስጥ ነው።

እጁ ቀይ የሆነው ሰውዬ

ከላውንድሪው ከወጣሁ በኋላ መንገዴ በምሥራቅ ለንደን ሆነ። 25 ቁጥር አውቶቡስ ቦው የሚባለው ሰፈር ሲደርስ መንገድ መሐል ያለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያልፋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት የነሐስ ሐውልት ቆሟል። አንድ እጁን ወደፊት ዘርግቶ ንግግር የሚያደርግ ሽማግሌ። የሰውዬው እጆች ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። ሌላው ገላው ምንም የለበትም። እጆቹ ብቻ።

ሐውልቱ የዊልያም ግላድስተን ነው፤ አራት ጊዜ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ያቆመለት ቴዎዶር ብራያንት የሚባል ሀብታም ነው። እዚያው ቦው ውስጥ የነበረው የብራያንት ኤንድ ሜይ ክብሪት ፋብሪካ ባለቤቶች ወገን ነው። ሠራተኞቹ የሚያወሩት ሌላ ነው። ለሐውልቱ ተብሎ ከእያንዳንዳችን ደመወዝ አንድ ሽልንግ ተቆረጠ ይላሉ። ሐውልቱ በተመረቀ ቀን አንዳንዶቹ ሴቶች በኪሳቸው ድንጋይ ይዘው ሄዱ። «የከፈልነው እኛ ነን!» እያሉ ከበው ጮኹ። ክንዳቸውን ቆርጠው ደማቸውን ያፈሰሱበትም አሉ ይባላል። ይህንን የደሙን ወሬ በጽሑፍ ያስቀረችው ጋዜጠኛ ራሷ «እንዲህ ይባላል» ብላ ነው የጻፈችው። እኔም ከዚያ አላልፍም። የዛሬው ቀይ ቀለም ግን የዚያ ወሬ ልጅ ነው።

አንድ ነገር ላስታውስ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። 1888 ስል የዓድዋው 1888 እንዳይመስላችሁ። በእኛ አቆጣጠር 1880 መሆኑ ነው፤ አጼ ዮሐንስ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ።

«ለጣትሽ አታስቢ»

ሰኔ 1888 ላይ ለንደን ውስጥ ፌቢያን ማኅበር የሚባል የሶሻሊስቶች ስብስብ ስለ ሴቶች የጉልበት ሥራ ይነጋገር ነበር። ብራያንት ኤንድ ሜይ ለባለአክሲዮኖቹ ከ20 በመቶ በላይ ትርፍ እንደሚያከፋፍል፣ ሠራተኞቹን ግን እንዴት እንደሚከፍል ተነሣ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ አኒ ቤሳንት ነበረች። የ40 ዓመት ሴት ናት፤ ጸሐፊ፣ ተናጋሪ፣ ከቤተ ክርስቲያንም ከመንግሥትም ጋር የተጣላች። ከጓደኛዋ ከኸርበርት በሮውስ ጋር ቦው ሄደች። ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ሴቶቹን ሲወጡ አናገረቻቸው።

የሰማችውን በ23 ሰኔ «ዘ ሊንክ» በምትባል ትንሽ ጋዜጣዋ አወጣችው። የለንደን ነጮች ባርነት የሚል ርዕስ ሰጠችው። ጽሑፉን ሳነብ ትልልቁ ቁጥር አይደለም የያዘኝ። የቅጣቱ ዝርዝር ነው።

በበጋ ሥራ የሚጀመረው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ የሚያልቀው ማታ 12። ቀኑን ሙሉ ቁም ነው። እግርሽ ቆሽሿል፣ 3 ፔንስ። ከጠረጴዛሽ ሥር ያለው ወለል አልጸዳም፣ 3 ፔንስ። አዲስ ፍሬም ልታመጪ ስትሄጂ አራት አምስት ክብሪት ጠረጴዛው ላይ ትተሻል፣ 3 ፔንስ። በአንዳንዱ ክፍል ማውራትም 3 ፔንስ ነው። የነደደ ክብሪት ጠረጴዛ ላይ ከተገኘ አንድ ሽልንግ፣ ማለትም 12 ፔንስ። ያረፈደች ሴት ግማሽ ቀን በሩ ይዘጋባትና ከቀኑ 8 ፔንስ ደመወዟ ላይ 5ቱ ይቆረጣል።

አንዷ ልጅ ማሽኑ ጣቷን እንዳይቆርጣት ስትሸሽ ክሩ ተጠመጠመ። አንድ ሽልንግ ተቀጣች። ማሽኑን ጠብቂ፣ ለጣትሽ አታስቢ ተባለች። ሌላዋ እንደታዘዘችው አደረገች። ማሽኑን ጠበቀች፤ ጣቷ ሄደ። ሥራ መሥራት ባልቻለችበት ጊዜ አምስት ሳንቲም የሰጣት የለም።

እዚያው ጽሑፍ ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ አለች። ሳምንቱን ሠርታ የምታገኘው 4 ሽልንግ ነው። ከእህቷ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ኪራዩ 2 ሽልንግ። ቁርሷም ምሳዋም ዳቦ በቅቤና ሻይ ነው። ይህቺ ልጅ ለቤሳንት ዓይኗ እየበራ ያወራችላት ስለ ቅጣቱ አይደለም። በወር አንዴ ስለምትሄድበት አንድ ግብዣ ነው። ቡና አለ፣ ዳቦ በቅቤ አለ፣ ማርማላታ አለ፣ ደግሞ እንደልብ ነው አለቻት። ቤሳንት ይህንን ሳትቆርጥ ማስገባቷ ደስ ይለኛል። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ ያስለቅሳት ነበር።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ቤሳንት ለአንባቢዎቿ ያቀረበችው ሐሳብ የዚህን ፋብሪካ ክብሪት አትግዙ የሚል ነበር። አድማ አላለችም። ይህቺን ያዙልኝ።

ወረቀቱ

ኩባንያው ተናደደ። በስም ማጥፋት እንከስሻለን አለ። መክሰስ ደግሞ ምስክር ይፈልጋል። ስለዚህ ፋብሪካው ውስጥ ወረቀት ተዘጋጀ። በደንብ ተይዘናል፣ ደስተኞች ነን፣ ጋዜጣዋ ላይ የወጣው ሐሰት ነው። ፎርማኖቹ ወረቀቱን ይዘው ወደ ሴቶቹ ሄዱ።

እዚህ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ቁጭ አልኩ። ያንኑ ወረቀት ነው ያየሁት። ቋንቋው ያው፣ ዓላማው ያው። ለካ ወረቀቱ ስለ ጤናችን አይደለም። ኢሜይል ስለጻፈችው ልጅ ነው። ሃምሳ ሰው ደህና ነን ብሎ ከፈረመ እሷ ምን ትሆናለች? ወይ ውሸታም፣ ወይ አስቸጋሪ። አለቃው እሷን ውሸታም ለማለት አፉን መክፈት እንኳ አያስፈልገውም። ጓደኞቿ ይሉለታል፣ በየስማቸው፣ በየፊርማቸው።

የቦው ሴቶች ይህ ገብቷቸው ነበር። ገና ሥራ ሳያቆሙ ስም የሌለው ደብዳቤ ለቤሳንት ላኩላት። የጻፍሽው እውነት ነው፤ ውሸት ነው ብለን እንድንፈርም እያስገደዱን ነው፤ አንፈርምም፤ በእኛ ምክንያት ችግር እንዳይገጥምሽ የሚል ነው። እስቲ አስቡት። በሳምንት 4 እና 8 ሽልንግ የምታገኝ ሴት የጋዜጦች መንደር በሆነው ፍሊት ስትሪት ላይ ቢሮ ላላት፣ ፍርድ ቤት መከራከር ለምትችል፣ ስሟ በየጋዜጣው ለሚጠራ ሴት ትጨነቅላታለች።

ቤሳንት ራሷ በኋላ እንደጻፈችው፣ መሪ ናት ብለው የጠረጠሯትን አንዷን ልጅ ካልፈረምሽ ትባረሪያለሽ አሏት። ልጅቷ አልፈርምም አለች። በማግሥቱ በሌላ ጥቃቅን ምክንያት አባረሯት። ሐምሌ 5 ቀን ሥራ ቆመ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተዛመተና 1,400 ገደማ ሴቶችና ልጃገረዶች ወጡ። ጥቂት መቶዎቹ ተሰብስበው ፍሊት ስትሪት ድረስ ወደ ቤሳንት ቢሮ ሄዱ። ቤሳንት ደነገጠች። እሷ ክብሪት አትግዙ አለች እንጂ ይህን ሁሉ ሕዝብ ያለ ደመወዝ ደጅ ላይ ልታቆም አልፈለገችም። ለምን እንደወጡ ስትጠይቃቸው አንዷ የመለሰችላት፣ አንቺ ስለ እኛ ተናገርሽ፣ እኛም አልከዳንሽም የሚል ነው።

ደጋግሜ የማስበው ይህን ነው። አድማ ሲባል ደመወዝ ይጨመርልን ነው የሚመስለን። እነዚህ ሴቶች ደመወዝ ከመጠየቃቸው በፊት ያሉት ነገር «በሐሰት አንመሰክርም» ነው። የተናገረላቸውን ሰው በገዛ ጣታቸው ውሸታም አናደርግም አሉ። የቀረው ጥያቄ ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል አገራችን። እናቶቻችን ይህን የሚሉት አፍን መቆጣጠር ጥሩ ነው ለማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ግን ዝምታ የሚያዋጣው ዝም እንድትዪ እስከተዉሽ ድረስ ብቻ ነው። ወረቀቱ ሲመጣ ዝምታ አይበቃም፤ ፈርሚ ትባያለሽ። ከዚህ በኋላ ዝም ማለትም እምቢ ማለት ይሆናል። ማዘር ወረቀቱን ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱት ምንም አልተናገሩም እኮ። ያም ሆኖ ሱፐርቫይዘሩ ገብቶታል።

ደግሞ እምቢታው ቀላል እንዳይመስል። የ1888 ለንደን ሥራ ያጣች ሴት የሚጠብቃት የድሆች መጠለያ ነው። መንገዱ ላይ እሷን ለመተካት የቆሙ አሉ። ብዙዎቹ ለቤተሰብ አንድ ክንድ ናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏቸው ዘመዶችም አይጠፉም ነበር። እንግዲህ በሳምንት 4 ሽልንግ እንኳ ብብት ውስጥ ነው፤ ለሌላት ሰው።

ማን መራቸው?

ታሪኩን ብዙ ቦታ ስታነቡት እንዲህ ይነበባል። ምስኪን ልጃገረዶች ነበሩ፤ የተማረች ሴትዮ መጣች፤ ቀሰቀሰቻቸው፤ ተነሡ። ቤሳንት ትልቅ ሴት ናት፤ አልክድም። ጽሑፉን ጻፈች፣ ገንዘብ አሰባሰበች፣ አድማው ከተጀመረ በኋላ ቀን ከሌት ሠራች። በኋላ ሕንድ ሄዳ በ1917 የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሳለች። ግን አድማውን እሷ አልጠራችውም። አንብባችሁ ካያችሁ እሷም ጠራሁት አላለችም።

የጠሩት ሴቶቹ ናቸው። የኮሚቴያቸው አባላት ስም ተመዝግቧል። ሳራ ቻፕማን፣ ሜሪ ድሪስኮል፣ ኤሊዛ ማርቲን፣ ጄን ዌክሊንግ፣ ሜሪ ከሚንግስ እና ሌሎችም። ብዙዎቹ ከአየርላንድ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው፤ አባትና ወንድሞቻቸው ወደቡ ላይ ዕቃ የሚያራግፉ። አንድ ሰፈር፣ አንድ ደብር፣ አንድ መንገድ። አንዷ የታመመች እንደሆነ ሌላዋ ትሰማለች።

በጣም የወደድኩት ነገር ደግሞ አለ። የምሥራቅ ለንደን ፋብሪካ ሴቶች ላባ ያለበት ትልቅ ባርኔጣ ይወዱ ነበር። ውድ ነው። አንዷ ብቻዋን አትችለውም። ስለዚህ ተሰብስበው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፤ በተራ ይገዛሉ፤ አንዱን ባርኔጣም ተዋውሰው ያደርጉታል። የላባ ክለብ ይሉታል። እኛ ቤት እቁብ ነው። የዘመኑ ጨዋ ሰዎች ይህን ሲያዩ ይስቁ ነበር፤ ደሃ ሆና ላባ ታደርጋለች እያሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ገንዘብ ያዥ አለ፣ ተራ አለ፣ መተማመን አለ፣ ከዳተኛን የሚያሳፍር ደንብ አለ። 1,400 ሰው በአንድ ቀን ከፋብሪካ ሲወጣ ከሰማይ የወረደ ድፍረት ይመስላል። ሳምንት በሳምንት ሲዋጣ የከረመ ነው።

እቁብ የገባ ሰው ያውቀዋል። ጸሐፊዋ አንዷን ስም ስትጠራ፣ «አለሁ» የሚለው ድምፅ ውስጥ ብዙ ነገር አለ።

አድማው ከሁለት ሳምንት በታች ቆየ። ሴቶቹ ፓርላማ ድረስ ሄደው ለእንደራሴዎች ተናገሩ። ከመካከላቸው አንዷ በሣጥን ተሸካሚነት ፀጉሯ የተመለጠ አናቷን ገልጣ አሳየቻቸው። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣ፤ ተሰልፈው በስም በስማቸው ተከፋፈሉ። የለንደን የሠራተኛ ማኅበራት ምክር ቤት መሐል ገባ። ኩባንያው ለሁለት ሳምንት ያህል ስድብ ሲጽፍ ቆይቶ ሐምሌ 17 ተስማማ። ሐምሌ 27 የሴት ክብሪት ሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ። ጥቅምት ላይ 666 አባላት ነበሩት። ሳራ ቻፕማን በዚያው ዓመት ኅዳር ለንደን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ፣ በ1890 ደግሞ ሊቨርፑል በተደረገው ጉባኤ ተወካይ ሆና ተቀመጠች። በቀጣዩ ዓመት በ1889 የለንደን የወደብ ሠራተኞች ታላቁን አድማቸውን መቱ። አባቶችና ወንድሞች እህቶቻቸውን ተከትለው ወጡ ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስንል ድሩን ማን እንደፈተለው አንጠይቅም።

የምሳ ክፍል ጥያቄ

አሁን ወደሚያከራክረኝ ጉዳይ ልምጣ። ክብሪቱ የሚሠራው በነጭ ፎስፈረስ ነበር። የትም ብትፈጭው የሚነድ፣ ርካሽ ክብሪት። ነጭ ፎስፈረስ መርዝ ነው። ጭሱ በተበላሸ ጥርስ በኩል ወደ መንጋጋ ይገባል። መጀመሪያ ጥርስ ያማል። ከዚያ ፊት ያብጣል፣ መግል ይይዛል። የመንጋጋው አጥንት ይሞታል። ሽታው ሰው አያስጠጋም፤ ቤተሰብ እንኳ አብሮ መቀመጥ ያቅተዋል። አጥንቱ በጨለማ ያበራል። ለማዳን መንጋጋውን ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ካልሆነ ሞት። ሠራተኞቹ ፎሲ ጆ፣ የፎስፈረስ መንጋጋ እንደማለት፣ ብለው ስም አውጥተውለታል።

እንግዲህ አንባቢ የሚጠብቀው ሴቶቹ ፎስፈረስ ይቅር ብለው እንደወጡ ነው። እኔም ስጀምር የጠበቅሁት ያንን ነበር። የስምምነቱን ዝርዝር ስታዩት ፎስፈረስ ይከልከል የሚል ነገር የለም። ቅጣት ይቅር። ለቀለም፣ ለብሩሽ እየተባለ የሚቆረጠው ይቅር። የተወሰደችብን ፔኒ ትመለስ። የወጡት ሁሉ ወደ ሥራቸው ይመለሱ። ቅሬታ ያላት በፎርማን በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለኃላፊዎች ትንገር። ከሥራው ክፍል የተለየ የመመገቢያ ቦታ ይዘጋጅ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ተናደደች። «መንጋጋቸው እየወለቀ የምሳ ክፍል ይጠይቃሉ?» አለች። ተከራከርን። የእኔ ክርክር ይኸው። ሴቶቹ ቁርስና ምሳቸውን የሚበሉት እዚያው መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፎስፈረሱ እጃቸው ላይ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ አየሩ ውስጥ አለ፣ ዳቦው ላይ ያርፋል። ያቺ የ16 ዓመት ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ የምትበላው ዳቦ በቅቤ መርዝ እየተቀባ ነው። ስለዚህ የምሳ ክፍል ማለት ምቾት አይደለም። መርዙ ወደ አፍ የሚገባበትን አንዱን በር መዝጋት ነው። ዶክተር ሳይሆኑ፣ ኬሚስት ሳይሆኑ፣ ትክክለኛውን ቦታ ነኩት። ቅሬታ ከፎርማን ውጪ ይሁን የሚለውም እንደዚያው ነው። የሚቀጣሽ ፎርማን፣ ወረቀት ይዞ የሚዞረው ፎርማን፣ አቤት የምትዪውም ለፎርማን ከሆነ ማን ጋ ትሄጃለሽ?

ቅጣቱም ቢሆን ከአደጋው የተለየ አልነበረም። ማሽኑን ጠብቂ፣ ለጣትሽ አታስቢ የሚለውን ቃል ጣት ቆራጭ ያደረገው አንድ ሽልንግ ቅጣት ነው። ቅጣቱ ባይኖር ልጅቷ እጇን ትሰበስብ ነበር። ይህን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ደመወዝና ደኅንነት ሁለት ጉዳይ ይመስለዋል። እዚያ የምትቆመዋ ሴት አንድ እንደሆነ ታውቃለች። እኛም ላውንድሪ ቤት ማስክ ሳናደርግ የምንሠራው ማስክ ጠልተን አልነበረም። ማስክ አድርጎ በዚያ ሙቀት በሰዓት የተባለውን ያህል አንሶላ ማውጣት ስለማይቻል ነው።

ጓደኛዬ አላመነችም። «ግን ፎስፈረሱ ቀረ ወይ?» አለች። አልቀረም። እዚህ ላይ እሷ ትክክል ናት።

ያናደደኝም ይኸው ነው። ብራያንት ኤንድ ሜይ ሌላ መንገድ አላውቅም ማለት አይችልም። በቀይ ፎስፈረስ የሚሠራውን፣ ሣጥኑ ጎን ላይ ብቻ ተፈትጎ የሚነደውን የስዊድኖች ክብሪት በብሪታንያ የመሥራት መብት የገዛው በ1855 ነው። አድማው ከመደረጉ 33 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ግን ሕዝቡ ርካሹን ይወዳል፣ ርካሹም ይሸጣል። በ1891 ሳልቬሽን አርሚ የሚባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት እዚያው ቦው ውስጥ የራሱን ክብሪት ፋብሪካ ከፈተ፤ በቀይ ፎስፈረስ፣ በተሻለ ክፍያ። ቻይ ሰው ካለ እንደሚቻል ለማሳየት ነው። ዋጋው ግን ወደድ ይል ስለነበር ገበያው አልጠበቀውም።

በ1898 ኩባንያው ፍርድ ቤት ቀረበ። 17 የፎሲ ጆ ሕሙማንን ለመንግሥት ሳያሳውቅ ደብቆ ተገኘ። ፍርዱ ምን ይመስላችኋል? 25 ፓውንድ ከ9 ሽልንግ፤ አንዱ ፓውንድ 20 ሽልንግ ነው። ከ10 ዓመት በፊት በዚያው ፋብሪካ አንዲት ሴት በቀን 8 ፔንስ እያገኘች በ12 ፔንስ ትቀጣ ነበር፤ የቀን ተኩል ደመወዟን። ኩባንያው በ17 ሰው መንጋጋ የከፈለውን እናንተው አካፍሉት።

በዚያው ዓመት ሁለት ፈረንሳውያን መርዝነቱ የቀነሰ፣ የትም የሚነድ ክብሪት መሥሪያ ውሕድ አወጡ። ያኔ ነው ነገሩ የቀለለው፤ ማንም ትርፉን ሳያጣ መተው ሲቻል። ብራያንት ኤንድ ሜይ በ1901 ነጭ ፎስፈረስን ተወ። በ1906 በስዊዘርላንዷ በርን ላይ አገሮች ለመከልከል ተፈራረሙ። ብሪታንያ በ1908 ሕግ አወጣች፤ ሥራ ላይ የዋለው በ1910 ነው። ፊንላንድ በ1872፣ ዴንማርክ በ1874 ከልክለዋል። ስለዚህ ማወቅ አልነበረም የጎደለው።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ፣ «አየሽ፣ የረዳቸው የፈረንሳዮቹ ውሕድ ነው እንጂ አድማው አይደለም» አለችኝ። ሊሆን ይችላል። ግን ከ1888 ጀምሮ ፋብሪካው ነጭ ፎስፈረስን እስከተወበት እስከ 1901 ያለው 13 ዓመት ነው። በዚያ መሐል ፋብሪካው ውስጥ የነበሩት ሴቶች በሌላ ጠረጴዛ ላይ በሉ፣ ቅሬታቸውን ለሌላ ሰው ነገሩ፣ ጣታቸውን ሲያድኑ አንድ ሽልንግ አልተቆረጠባቸውም። ለእሷ ይህ ትንሽ ነው። ለእኔ አይደለም። እስካሁን አልተስማማንም።